የዋስ ያለህ

«ለቀኝ እጄ ግራ እጄን ዋስ አላደርግም» ያልኩት እኔ ነኝ። ከሚሴ ውስጥ ይህን አባባል ከሰማችሁ የቀደምት ሰዎች ተረት እንዳይመስላችሁ፤ ወላጅ እናቱ እኔ ነኝ። የወለድኩትም በአንድ ዘበኛ ፊት፣ መጋዘን በር ላይ ቆሜ፣ የቁልፍ ዘለላ በጣቴ እያሽከረከርኩ ነው። ያን ቀን አምሮብኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ በራሴ ስደሰት ዋልኩ።

ያኔ የአንድ እርዳታ ድርጅት የመጋዘን ኃላፊ ነበርኩ። ምርጥ ዘሩ፣ ዶማና አካፋው፣ ሸራው፣ የከብት መድኃኒቱ፣ የሚገባውም የሚወጣውም በእኔ እጅ ነበር። በዐሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ አንዲት ጆንያ አልጎደለችብኝም። ይህን የምናገረው ደረቴን ነፍቼ ነው፤ ሌላ ደረት የምነፋበት ነገር የለኝማ። የሰፈራችን ሰዎች ግን ይስቁብኝ ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል። አንቺ ሴት፣ ያን ሁሉ ሸራ ተቀምጠሽበት የቤትሽ ጣራ ያፈሳል» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ ያፈስ ነበር።

ሰው አላምንም። አለማመኔን እንደ ሙያ ነው የያዝኩት። ሹፌር ጭኖ ሲመጣ ሰላም ከማለቴ በፊት የሸራውን ቋጠሮ አያለሁ፤ መንገድ ላይ የተፈታ ቋጠሮ እንደገና ሲታሰር ያስታውቃል። ወረቀትም የማነበው ከታች ወደ ላይ ነበር። መጀመሪያ ደብዳቤው ማን ማን ጋ እንደሚሄድ የሚናገረውን ግልባጭ፣ ቀጥሎ ማኅተሙን፣ ቀጥሎ ፊርማውን፣ ከዚያ በኋላ ጽሑፉን። «ከላይ ያለው ሰላምታ ነው፤ ሐቁ ያለው ከታች ነው» እላለሁ። ይህን ያላስተማርኩት ሰው አልነበረም። መማር የማይፈልገውንም አስተምር ነበር።

ዘበኛችንንም አስተምሬዋለሁ። በዕድሜ ከእኔ ዐሥር ዓመት ይበልጣል። የጨፋ ገበሬ ነበር፤ ፊደል የቆጠረው ከሸመገለ በኋላ በጎልማሶች ትምህርት ስለሆነ ስሙን ሲጽፍ ትንፋሹን ይዞ ነው፣ ጽፎ ሲጨርስ ይተነፍሳል። የዕቃ መውጫ ወረቀት ስሰጠው አንዳንዴ ገልብጦ ይይዘዋል። «አንተማ ገልብጠህ ስለያዝከው ከታች ለመጀመር አትቸገርም» እያልኩ ሰው ፊት አሾፍበታለሁ። እሱም አብሮ ይስቃል። እኔ አንተ እለዋለሁ፣ እሱ አንቱ ይለኛል። በኛ አገር ታናሽ ታላቁን አንተ አይልም፤ ቁልፍ የያዘ ሰው ግን ይላል።

አንድ ቀን ከዙሁር ሶላት ተመልሶ፣ የውዱው ውኃ ከክንዱ ላይ ገና ሳይደርቅ መጣ።

«ኃላፊ፣ አልሐምዱሊላህ፣ አንድ ትምህርት ቤት ቋሚ ዘበኛ ሊያደርገኝ ነው። ዋስ አምጣ አሉኝ፣ ደመወዝ ያለው ሰው። እኔ ከአንቱ ሌላ ደመወዝ ያለው ማን አውቃለሁ?»

ስድስት ዓመት ጀርባዬን የጠበቀ ሰው ነው። አንድ ቀን ታምሜ መጋዘኑን ክፍት ትቼ ብሄድ እስክመለስ ድረስ ከበሩ ላይ ሳይነቃነቅ ጠብቆኛል፤ ምሳውን እንኳ አልበላም። እንደማይሰርቅ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ አልነበረም። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው ያቺን ዓረፍተ ነገር የተናገርኳት።

«ቶሌ» አለ። እሺ ማለቱ ነው። ወደ በርጩማው ተመልሶ ተቀመጠ።

የፋይናንሳችን ሰው በመስኮት ሰምቶ ኖሮ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ሳቀ። ከሦስት ቀን በኋላ አባባሌ ከገበያ በባጃጅ ተሳፍሮ ሲመለስ ሰማሁት፤ አንዱ ሹፌር ብድር ለጠየቀው ጓደኛው ሲመልስለት። ዘበኛው ያን ሥራ ሳያገኘው ቀረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ መሥሪያ ቤት በቋሚነት ተቀጠረና ሄደ። ማን ዋስ ሆነው ብዬ አልጠየቅኩም።

ከዚያ የእኔ ተራ ደረሰ። ፕሮጀክቱ አልቋል ተባለ፣ መጋዘኑ ተዘጋ፣ ቁልፉን አስረከብኩ። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ጻፉልኝ፤ ታማኝ፣ ታታሪ፣ በንብረት አያያዝ ምስጉን ይላል። ከታች ወደ ላይ አነበብኩት፤ አንድም እንከን የለውም። ላሚኔት አስደረግኩት። አንድ ወር ዐርፌ ሥራ እመርጣለሁ ብዬ ነበር። እመርጣለሁ! ዛሬ ሳስበው ያቺን ሴት አግኝቼ በጥፊ ባልኳት እላለሁ።

አርባ ስምንት ዓመቴ ነው። ያችን ላሚኔት በብብቴ ይዤ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ማስታወቂያ ሰሌዳ ስንከራተት ዓመት ከመንፈቅ ሞላኝ። ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው ሥራ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «የሥራ ልምድ፦ ዜሮ ዓመት» ይላል፤ ትናንት ለተመረቁት ማለት ነው። ሌላው ከልምዱ ጋር ዲግሪ ይላል፤ እኔ ያለኝ የጥንት ሰርተፊኬት ነው። ለአንዱ ልምዴ በዛ፣ ለሌላው ትምህርቴ አነሰ። አንዷ መዝጋቢ አዘነችልኝና «እትዬ፣ ዐሥራ ሰባቱን ዓመት ይተዉትና ዜሮ ብለው ይሙሉ» አለችኝ። ሞላሁ። አዎ፣ ሞላሁ። ቃለ መጠይቅ ላይ ፈታኙ ሽበቴን አይቶ፣ ቅጹን አይቶ፣ እንደገና ሽበቴን አይቶ «እስከ ዛሬ ምን ሲሠሩ ነበር?» አለኝ። «ልጅ ሳሳድግ» አልኩት። ልጅ የለኝም። ላሚኔቷ ቦርሳዬ ውስጥ ተቀምጣ እየሰማችኝ ነው የዋሸሁት። እሱንም ሥራ አላገኘሁትም።

ሌላ ቦታ ደግሞ ከሚሴ ሙቀት ላይ ከረባት ያሰረ ልጅ «ፊፎን ያብራሩልን» አለኝ። ምን እንደሆነ ሳላውቅ ወጣሁ። ከእኔ ቀጥላ የተፈተነችው ልጅ ስትወጣ ጠየቅኳት፤ መጀመሪያ የገባ ዕቃ መጀመሪያ ይውጣ ማለት ነው አለችኝ። ዐሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በየጆንያው ላይ በጠመኔ ቀን እየጻፍኩ የሠራሁት ሥራ ስም እንዳለው ማን ነገረኝ? መንገድ ዳር ቆሜ ሳቅኩ፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተቀየረብኝና ሻሼን ዓይኔ ላይ ጎትቼ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ።

ባለቤቴ ጨፋ ሸለቆ ውስጥ ማሽላና ጤፍ የሚያርስ ገበሬ ነው። ብዙ አይናገርም። ማታ ስገባ ፊቴን ያይና «ማል ጎና» ይላል፤ ምን እናደርጋለን ማለቱ ነው። ከዚህ ሌላ ምክር አልነበረውም። እኔም በዚያ ሰሞን ምክር የሚሰጠኝን ሰው ልነክስ ምንም አልቀረኝም ነበር።

በመጨረሻ ጨፋ ሮቢት አንድ የማሾ ነጋዴ የመጋዘን ሠራተኛ ይፈልጋል ተባለ። እዚያ ስለ ፊፎ የጠየቀኝ የለም። ስድስት ሆነን መጋዘን አስገቡንና «እዩትና ያያችሁትን ተናገሩ» አሉን። አምስቱ ስለ አደራደር ተናገሩ። እኔ እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን እስከ ክርኔ ጆንያ ውስጥ ከተትኩ፣ አወጣሁ፣ አሸተትኩ፣ አንድ ፍሬ ነከስኩ። «በዚያኛው ግድግዳ በኩል ያለው ከሥር ረጥቧል። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ካላነሣችሁት ይሻግታል» አልኩ። አነሡት፤ ከሥር ረጥቧል። ነጋዴው ፈገግ አለ። አንደኛ ወጣሁ። ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ እኔም ሰው ሆንኩ ብዬ እንባዬ መጣ።

የቅጥር ሠራተኛዋ ወረቀት ሰጠችኝ። «አምስት ቀን አለዎት። ዋስ ይዘው ይምጡ። ቋሚ ደመወዝተኛ መሆን አለበት፤ ከመሥሪያ ቤቱ የድጋፍ ደብዳቤ ያጽፍ። ለሌላ ሰው ዋስ ያልሆነ ይሁን፤ አንድ ሰው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ዋስትናው በየዓመቱ ይታደሳል» አለች። «ካላመጡ ተጠባባቂዋን እንጠራለን።»

ቤት ደርሼ ስነግረው ባለቤቴ አሰበ፣ አሰበና «በሬዎቼስ?» አለ። ሁለት የደለቡ በሬዎች አሉት፤ በጨፋ ገበሬ ዓይን ከዚህ የበለጠ ዋስ የለም። በሬ ግን የድጋፍ ደብዳቤ አያጽፍም።

መጀመሪያ የሄድኩት የድሮው የፋይናንስ ሰው ጋ ነው። ሌላ መሥሪያ ቤት ገብቶ ወፍሯል። ጉዳዬን ሰምቶ ሳይጨርስ ፊቱ በራ። «ለቀኝ እጄ…» ብሎ ጀመረ። በክፍሉ ውስጥ የነበሩ ሦስት ሰዎች ጨረሱለት። በሕይወቴ አይቻቸው የማላውቅ ሰዎች ናቸው። አባባሏ የማን እንደሆነች ጣቱን ወደ እኔ ቀስሮ ሲነግራቸው አንዷ ተነሥታ ልትጨብጠኝ ነበር። «ብትፈልጊ ምሳ ልጋብዝሽ፤ ዋስ ግን አንቺው አስተምረሽን» አለኝ። ምሳውን አልበላሁም።

ወንድሜ መምህር ነው። የአንድ እናት ልጆች ነን፤ ሲያገባ ድንኳኑን የተከልኩት እኔ ነኝ። «ባለቤቴን ላማክርና እደውልልሻለሁ» አለኝ። አልደወለም፤ እኔ ስደውል ስልኩ ዝግ ነው። በማግስቱም ዝግ ነው። ጎረቤታችን የጤና ባለሙያዋ ለእህቷ ልጅ ዋስ ሆናለች፤ እሷስ ምክንያት አላት። ሦስት ቀን እንዲህ አለቀ። የዋስ ያለህ እያልኩ የከሚሴን አስፋልት ስወጣና ስወርድ፣ የማያውቁኝ ልጆች እንኳ የሚስቁብኝ ይመስለኝ ጀመር። ተረቱ እውነት ነው፤ በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። ቁናውን ግን እኔ ነበርኩ ያበጀሁት።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ባለቤቴ በሬዎቹን እየፈታ፣ ፊቱን ሳያዞር «ዘበኛሽን ጠይቂው» አለኝ።

«አፈር ብበላ ይሻለኛል» አልኩት።

«አፈሩንም ቢሆን አራሹ እኔ ነኝ፤ ሂጂ» አለኝ። በሃያ ምናምን ዓመት ትዳር ሂጂ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ሄድኩ። ከሚሴ ከመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ዱላውን ተደግፎ ተቀምጧል። ጺሙ ነጥቷል። ሲያየኝ ተነሣ። «አካም ጅርቱ ኃላፊ?» አለኝ። ሥራ ከለቀቅኩ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል፣ አሁንም ኃላፊ ይለኛል።

«አንቱ ደህና ነዎት?» አልኩት።

ዞር ብሎ ኋላውን አየ። ማንን ሰላም እንዳልኩ ግራ ገብቶት ነው። እኔ መሆኔን ሲረዳ መሬት መሬት አየ። ያን ያህል ዓመት አንተ ስለው ያላፈርኩትን ያን ጊዜ አፈርኩ።

ስመጣ መንገድ ላይ ራሴን ለስድብ አዘጋጅቼ ነበር። አባባሌን ይመልስልኛል ብዬ፣ ከመለሰልኝ በኋላ የምለውን ሁሉ በልቤ አጥንቼ ነው የመጣሁት። ነገሩን ነገርኩት። በእጁ ዱላውን አንድ ጊዜ አዞረው።

«ቶሌ» አለ።

ገብቶ ኃላፊዎቹን አናገረ፤ ደብዳቤው ተጻፈ። ትንፋሹን ይዞ ስሙን ጻፈ፣ ጨርሶ ተነፈሰ። «ያኔ እኔ…» ብዬ ጀመርኩ። «አብሽሩ» አለኝ። «ዋስትና አማና ነው፣ አደራ። አማና ደግሞ ከሰው ሳይሆን ከረቢ ጋር ነው።»

አመስግኜው ስመለስ በጣም ተናድጄ ነበር። አንድ ክፉ ቃል ቢወረውርብኝ ኖሮ እኩል በሆንን። ደግነቱን የሰጠኝ ያለ ምንም መያዣ ነው፤ እኔ ደግሞ ያለ መያዣ የተሰጠ ዕቃ እንዴት እንደሚያዝ አላውቅም።

ሥራውን ጀመርኩ። የአዲሱን መጋዘን ቁልፍ ሲሰጡኝ ወገቤ ቀና። ሚኒባሱ ጨፋ ሮቢት ሲያወርደኝ አረማመዴ እንኳ ተቀየረ ብሎ ባለቤቴ ሳቀብኝ። የሙከራ ጊዜዬን እየጨረስኩ ነበር።

ሦስተኛው ወር ላይ፣ ሰኞ ቀን፣ ዋሴ ልጁን ይዞ መጣ። አካውንቲንግ ተምራ ሁለት ዓመት ሥራ አጥታ ከተቀመጠች በኋላ ከሚሴ አንድ መሥሪያ ቤት ለገንዘብ ያዥነት አልፋለች። ዋስ አምጪ ተብላለች። እስከ ዐርብ።

«አባት ዋስ መሆን ይችላል ብለውናል» አለ። «ግን እኔ በአንቱ ታስሬያለሁ። ወይ በኔ ቦታ ሌላ ሰው ያግኙልኝ፣ ወይ ለሷ አንቱ ይሁኑላት። እዚህ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አይከለክሏችሁም ሲሉ ሰማሁ።»

ቢፈልግ እኮ ዋስትናውን አንስቻለሁ ብሎ አንድ ማመልከቻ ብቻ ማስገባት ይችል ነበር። ያን ቀን እኔ ከሥራ እወጣለሁ፣ ልጁ ትገባለች። ያን አላነሣውም። እንደማያነሣውም አውቅ ነበር።

«የሙከራ ጊዜ ላይ ነኝ። ቋሚ ካልሆንኩ ደብዳቤ አይጽፉልኝም» አልኩት። ሰኞ ዕለት ይህ እውነት ነበር።

ልጅቷ ግድግዳው ላይ የሰቀልኩትን የማሾ ገቢና ወጪ ካርድ ቆማ ታነብ ነበር። «ጽሑፍዎ ያምራል» አለችኝ። «ቋሚ የሚሆኑትስ መቼ ይሆን?»

«አላህ ያውቃል» አልኳት።

ረቡዕ ጠዋት የቅጥር ሠራተኛዋ እየሣቀች መጣች። «እንኳን ደስ አለዎት፤ ከዛሬ ጀምሮ ቋሚ ነዎት።» ወረቀቱን ተቀበልኳት። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ወረቀት ከላይ ጀመርኩ። «ቋሚ» የምትለውን ቃል ሳይ ዓይኔ ከእሷ በታች አልወርድ አለ። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ እሷኑ ብቻ አነበብኩ። ከዚያ አጥፌ የጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩና ቆለፍኩት።

አልረሳሁም። ረስቼው ነው ማለት ብችል ይህን አልጽፈውም ነበር። በዚያው ሰዓት ተነሥቼ ደብዳቤ ጻፊልኝ ብላት በአንድ አፍታ ማኅተም አድርጋ ትሰጠኝ ነበር። ለልጅቷ ሁለት ቀን ሙሉ ይተርፋት ነበር። ቁጭ ብዬ ምክንያት ስደረድር ዋልኩ። ገንዘብ ያዥ ነች፤ ገንዘብ ደግሞ ከማሾ በላይ ይጎድላል። ልጅ ነች፤ ልጅ ይሳሳታል። ዓመት ከመንፈቅ ፊቴን ያስገረፈኝን ሥራ ገና በሦስተኛ ወሩ በሰው ልጅ ላስይዘው? ፈርቼ ነው ብል ይቀለኛል፤ ፍርሃት ብቻ ግን አልነበረም። ቁልፉ ጣቴ ላይ ሲመለስ አሮጌዋ እኔም አብራ ተመልሳለች። ዓመት ከመንፈቅ መለመን ምንም አላስተማራትም።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ስልክ ደወለ።

«ኃላፊ፣ ያ የቋሚነት ነገር አልተገኘም?»

«ገና ነው» አልኩት።

ከጀርባው ባጃጅ ሲያልፍ ይሰማኛል። «ቶሌ» ብሎ ዘጋው።

ዐርብ አለፈ። በእሷ ቦታ ተጠባባቂው ተጠራ።

ቅዳሜ ብቻውን መጣ። መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ «እንኳን ደስ አለዎት» አለኝ። ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት። ከኮቱ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣና ዘረጋልኝ፤ የራሴ የቋሚነት ደብዳቤ ነው።

«ሐሙስ ጠዋት መሥሪያ ቤቴ መጣልኝ» አለ። «ልጄ አነበበችልኝ። እንደ አንቱ ትምህርት ከታች ጀምሪ አልኳት። ከታች የኔ ስም አለ፤ ‹ግልባጭ፣ ለዋሳቸው› ይላል። ከዚያ ማኅተሙን፣ ከዚያ ፊርማውን፣ ከዚያ ጽሑፉን አነበበች። መጨረሻ ላይ፣ ላይኛው ጥግ ቀኑ ጋ ስትደርስ ‹የትናንት ነው› አለች።»

ሐሙስ ከቀትር በኋላ የደወለልኝ አውቆ ነው። ልጁ አጠገቡ ሆና፣ ወረቀቱን በእጁ ይዞ ነው። ውሸቴን ሊይዝ አልነበረም የደወለው፤ እውነቱን እንድናገር አንድ ቀን ሊጨምርልኝ ነው። እኔ ግን ገና ነው አልኩት።

«ዋስትናዎን ያንሡ» አልኩት። ከልቤ ነው። ያን ቅጽበት ሥራውን ቢነጥቀኝ እግሩን በሳምኩ ነበር።

«አላነሣም» አለ። «አማና ነው ብዬዎታለሁ።» ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ መለሰና ወደ ሚኒባሱ ሄደ።

ልጅቷ ከኢድ በኋላ ዓረብ አገር ሄደች፤ ቤት ሠራተኛ ሆና። የነገረኝ ባለቤቴ ነው። ዲፕሎማዋን ሻንጣዋ ውስጥ ይዛ ሄደች አሉ፤ ምን እንደሚሠራላት አላህ ይወቅ። ባለቤቴ ይህን ነግሮኝ «ማል ጎና» አላለም። የምናደርገው እንደሌለ ያውቃል።

ሥራውን አልለቀቅኩም። እንደምለቅ ለራሴ ሦስት አራት ጊዜ ምዬ ነበር፤ በየማለዳው ግን ሚኒባሱ ላይ እገኛለሁ። መጋዘኑ እንደ ድሮው ንጹሕ ነው። አንዲት ፍሬ አትጎድልም።

ዓመቱ ሞላና የቅጥር ሠራተኛዋ የማደሻውን ቅጽ ሰጠችኝ። ሳምንት ሙሉ በቦርሳዬ ይዤው ዞርኩ። ሌላ ዋስ ልፈልግ አሰብኩ፣ ወንድሜ ጋም ደወልኩ፤ ስልኩ ክፍት ነበር፣ አላነሣውም። የቀረኝ ያ በር ብቻ ነው።

ሲያየኝ እንደ ወትሮው ተነሣ። «አካም ጅርቱ ኃላፊ?» አለኝ። አልችልም እንዲለኝ እየጸለይኩ ቅጹን ሰጠሁት። እስክሪብቶ አወጣ፣ ለመፈረም ጎንበስ አለ፣ ከዚያ ተወውና ወረቀቱን መልሶ ለእኔ ዘረጋልኝ።

«የምታነብልኝ ልጅ የለችም» አለ። «አንቱ ያንብቡልኝ። ከታች ይጀምሩ።»

ከታች ጀመርኩለት።